የቁጠባና ብድር ማኅበራችሁን መመሪያ ከሒሳቡ ጋር አስተያይቶ ማረሚያ፦ በወሎ ላሉ ኮሚቴዎች

ሐምሌ ሲገባ የብዙ ማኅበር ነገር አንድ ዓይነት ነው። ሒሳቡ ይዘጋል። ትርፉ ከታሰበው በታች ይወጣል። ኮሚቴው ይሰበሰብና የብድር ወለዱን አንድ ሁለት ነጥብ ከፍ ያደርጋል። በዓመቱ ትርፉ ያው ነው፤ ውዝፉ ግን ጨምሯል። ከዚያ ደግሞ ወለዱ እንደገና ይነሳል።

ጥፋቱ ከቅደም ተከተሉ ነው። ወለድ መጨረሻ የሚነካ ነገር ነው። መጀመሪያ እውነተኛው ውዝፍ ይታወቃል። ቀጥሎ እውነተኛው ትርፍ ይሰላል። ከዚያ ገንዘቡን ያስቀረው አንቀጽ ተፈልጎ ይገኛል። ይህ ጽሑፍ ያንን ሥራ ከመነሻው እስከ ጠቅላላ ጉባኤው፣ ከጉባኤውም በኋላ ያስኬዳችኋል። የተጻፈው ለሥራ አመራር፣ ለብድርና ለቁጥጥር ኮሚቴ አባላት ነው።

በምሳሌ የማነሳው ማኅበር ለስሌት ብቻ የተዘጋጀ ነው። ቁጥሮቹን በራሳችሁ ቁጥር እየተካችሁ አንብቡ።

## ከመጀመራችሁ በፊት

የሚከተሉትን ጠረጴዛ ላይ ሳታሰባስቡ ሥራውን አትጀምሩ።

- መተዳደሪያ ደንብ። በወረዳው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት የተመዘገበውን፣ ማኅተም ያለበትን ውሰዱ። ቢሮ ውስጥ ሁለት ሦስት ዓይነት ኮፒ ሊኖር ይችላል። ያልተመዘገበው ዋጋ የለውም።
- የብድር መመሪያና የቁጠባ መመሪያ።
- ያለፉት 3 ዓመታት ቃለ ጉባኤዎች። መመሪያው ላይ ሳይጻፍ በቃለ ጉባኤ ብቻ የተወሰነ ነገር እዚያ ተደብቆ ይገኛል።
- የ3 ዓመት የሒሳብ ሚዛንና የገቢና ወጪ መግለጫ፣ በየሰኔ 30 የተዘጋው።
- የእያንዳንዱ ተበዳሪ ካርድና የባንክ መግለጫ።

ሥራውን ለሦስት ሰው ስጡት፦ አንድ ከብድር ኮሚቴ፣ አንድ ከቁጥጥር ኮሚቴ፣ ሦስተኛው የሒሳብ ሠራተኛው። ራሱ ውዝፍ ያለበት፣ ወይም ውዝፍ ላለበት ሰው ዋስ የሆነ ሰው ከሦስቱ አንዱ መሆን የለበትም። ይህን መናገር ይከብዳል፤ አገሩ ትንሽ ነው፣ ሁሉም ይተዋወቃል። ቢሆንም በመጀመሪያው ቀን ተናገሩት። በኋላ ዝርዝሩ ሲወጣ ከመጣላት ይሻላል።

ማስጠንቀቂያ። ዋናውን መዝገብ ይዛችሁ ቤት ለቤት አትዙሩ። እያንዳንዱን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሱና በሁለት የተለያየ ቦታ አስቀምጡ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ቢሮዎች ተዘርፈዋል፣ ሰነድም ጠፍቷል። የአባላት ገንዘብ በአንድ መዝገብ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ መኖር የለበትም።

መዝገቡ የጎደለ ከሆነ ከአባላት የቁጠባ ደብተር መልሳችሁ ሥሩት። አባላትን በየቀበሌያቸው ጥሩ። ደብተራቸውንና ደረሰኛቸውን ተመልከቱ። የተስማማችሁበትን ቁጥር አባሉ ይፈርምበት። አድካሚ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ያለ እሱ ወደ ደረጃ 1 መሄድ አይቻልም።

## ደረጃ 1፦ እውነተኛውን ውዝፍ አውጡ

አብዛኛው ጥፋት የሚጀምረው እዚህ ስለሆነ ጊዜ ስጡት።

1. በአንድ ሰንጠረዥ የተበዳሪውን ስም፣ ብድሩ የተሰጠበትን ቀን፣ የተሰጠውን ብር፣ ቀሪውን ብር፣ የዘገየበትን ቀን ብዛት፣ የብድሩን ዓላማ፣ ቀበሌውንና የዋሶቹን ስም ጻፉ። ኤክሴል የሚችል ካለ ጥሩ ነው። ከሌለ ሰፊ መዝገብ ይበቃል።
2. ብድሮቹን በአራት ክፈሉ፦ በጊዜው የሚከፈል፣ ከ1 ወር በታች የዘገየ፣ ከ1 እስከ 12 ወር የዘገየ፣ ከ12 ወር በላይ የዘገየ።
3. የእያንዳንዱን ክፍል ቀሪ ብር ደምሩ።

ሦስተኛው ላይ ቆም በሉ። ብዙ ማኅበር ውዝፍ ብሎ የሚጽፈው የቀረውን ክፍያ ብቻ ነው። አንድ አባል 60,000 ብር በ12 ወር፣ በየወሩ 5,000 ሊከፍል ወሰደ እንበል። ሦስት ወር ከፈለ፤ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ቀረ። ማኅበሩ ውዝፉን 15,000 ብሎ ይመዘግባል። በአደጋ ላይ ያለው ግን 45,000 ብር ነው። ሦስት ወር ያቆመ ሰው የቀረውንም ላይከፍል ይችላልና። የምትደምሩት 45,000ውን ነው። በዚህ ስሌት የውዝፉ ቁጥር በአንድ ቀን እጥፍ ሊሆን ይችላል። አትደንግጡ፤ ሁልጊዜም እዚያው ነበር።

ቀጥሎ የተሸፈነውን ውዝፍ ፈልጉ። ሁለት መደበቂያ አለው።

*ብድር በብድር መዝጋት።* አባሉ መክፈል ሲያቅተው አዲስ ብድር ይሰጠዋል፤ በእሱ አሮጌው ይዘጋል። በመዝገብ ላይ ንጹሕ ይመስላል። አንድ ብድር በተዘጋ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለዚያው ሰው የተሰጠ አዲስ ብድር ካለ ምልክት አድርጉበት፤ ከዘገዩት ጋርም ቁጠሩት።

*በቃል የተራዘመ።* «ማሽላው እስኪደርስ ታገሱት» ተብሎ ቃለ ጉባኤ ያልተያዘለት ብድር። ይህም የዘገየ ነው።

ዝርዝሩ ከዋናው መዝገብ ድምር ጋር ካልገጠመ ቁጥሩን በግድ አታጋጥሙ። መጀመሪያ የብድር ክፍያ በስሕተት ቁጠባ ላይ ተመዝግቦ እንደሆነ እዩ። ቀጥሎ ደረሰኝ ተቆርጦ ወደ መዝገብ ያልተላለፈ ክፍያ ፈልጉ። ልዩነቱ አሁንም ካልተገኘ ለቁጥጥር ኮሚቴ በጽሑፍ አሳውቁ። ገንዘብ ያዡን ለብቻችሁ ጠርታችሁ አትወንጅሉ። ተሳስታችሁ ከሆነ የሰው ስም ታጠፋላችሁ፤ ትክክል ከሆናችሁ ደግሞ ማስረጃ ይጠፋባችኋል።

## ደረጃ 2፦ ትርፉን እንደገና አስሉ

የምሳሌው ማኅበር ጠቅላላ ሀብት 10,000,000 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ ብድር 6,500,000፣ ባንክ ያለ ገንዘብ 2,600,000፣ ቋሚ ንብረት 500,000፣ ልዩ ልዩ ተሰብሳቢ 400,000 ነው። በሌላው ወገን የአባላት ቁጠባ 7,400,000፣ ዕጣ (አባላት የከፈሉት የድርሻ ገንዘብ) 1,800,000፣ መጠባበቂያ 500,000፣ ሌላ ዕዳ 300,000።

የብድር ወለዱ 15 በመቶ ነው። ከ6,500,000ው ብድር ግን 1,300,000ው ዘግይቷል፤ ወለድ አያስገባም። ወለድ የሚከፍለው 5,200,000 ነው፤ ከእሱ 780,000 ብር ይገኛል። ባንክ ያለው ገንዘብ በ7 በመቶ 182,000 ያስገባል። ድምሩ 962,000 ብር።

ወጪውስ? ለቆጣቢዎች 7 በመቶ ወለድ 518,000፣ የሥራ ማስኬጃ 380,000። የቀረው ትርፍ 64,000 ብር ነው። ለጉባኤ የሚቀርበው ይህ ቁጥር ነው። አባላትም ይህንን እንካፈል ይላሉ።

አሁን ላይመለስ ለሚችለው ብድር መጠባበቂያ ያዙ። የዓለም የቁጠባና ብድር ማኅበራት ምክር ቤት «ፐርልስ» የሚባል የመለኪያ ሥርዓት አለው። በእሱ መሠረት ከ12 ወር በላይ ለዘገየ ብድር ሙሉውን፣ ከ1 እስከ 12 ወር ለዘገየው 35 በመቶውን መያዝ ያስፈልጋል። ኦዲተራችሁ ሌላ ልክ ከሰጣችሁ በዚያ ሥሩ። በምሳሌያችን ከ12 ወር በላይ የዘገየው 400,000 ነው፤ ሙሉው ይያዛል። የቀረው 900,000 በ35 በመቶ 315,000 ይሆናል። አንድ ላይ 715,000 ብር።

ከ64,000 ትርፍ ላይ 715,000 ቀንሱ። ማኅበሩ 651,000 ብር ከስሯል። በሚዛኑ ላይ ያለው የማኅበሩ የራሱ መጠባበቂያ 500,000 ብቻ ነው። መጠባበቂያው ያልሸፈነው 151,000 ከአባላት ዕጣ ላይ የሚበላ ነው። በመዝገብ ላይ ያተረፈ ማኅበር የአባላቱን ዕጣ እየበላ ነበር ማለት ነው።

ይህን ስሌት ሳትሠሩ ትርፍ አታከፋፍሉ። የተቀማጭ ገንዘብ መድን የሚሸፍነው ባንኮችንና የማይክሮፋይናንስ ተቋማትን ነው። የእናንተን አባላት የሚሸፍናቸው የራሳችሁ መጠባበቂያ ብቻ ነው።

## ደረጃ 3፦ ሚዛኑን ከልኩ ጋር አስተያዩ

ይህ አጭር ሥራ ነው። የፐርልስ ዋና ዋና ልኮች እነዚህ ናቸው፦

- ብድር ከጠቅላላ ሀብት፦ ከ70 እስከ 80 በመቶ
- የአባላት ቁጠባ ከጠቅላላ ሀብት፦ ከ70 እስከ 80 በመቶ
- የማኅበሩ የራሱ መጠባበቂያ ከጠቅላላ ሀብት፦ ቢያንስ 10 በመቶ
- የዘገየ ብድር ከጠቅላላ ብድር፦ ከ5 በመቶ ያልበለጠ
- የሥራ ማስኬጃ ወጪ ከሀብት፦ ከ5 በመቶ ያልበለጠ
- በእጅና በባንክ ያለ ገንዘብ ከቁጠባው፦ ቢያንስ 15 በመቶ

የምሳሌው ማኅበር ውዝፍ 20 በመቶ ነው። መጠባበቂያው 5 በመቶ ነው። ባንክ ያለው ገንዘብ ደግሞ የቁጠባው 35 በመቶ ነው፤ ሥራ ፈትቷል። የሥራ ማስኬጃ ወጪው 3.8 በመቶ ስለሆነ ችግር የለበትም። ስለዚህ ሠራተኛ ቀንሱ የሚለው ሐሳብ እዚህ ቦታ የለውም። ብድር የሚከታተል ሠራተኛ አለመኖሩ ምናልባት የውዝፉ አንዱ ምክንያት ነው።

## ደረጃ 4፦ ውዝፉን የወለደውን አንቀጽ ፈልጉ

ወደ ደረጃ 1 ሰንጠረዥ ተመለሱ። የዘገዩትን ብድሮች በዓላማ፣ በቀበሌና በተሰጡበት ወር ለዩ። ውዝፉ እዚህም እዚያም ከተበተነ ችግሩ ምናልባት ክትትል ነው። አንድ ቦታ ላይ ከተከማቸ ግን አንቀጹን ጠርጥሩ። የአንድ ቀበሌ አባል በሙሉ በአንድ ጊዜ መጥፎ ከፋይ ሆነ ማለት አይቻልም።

### ሀ. የመክፈያ ጊዜ

በወሎ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው ይህ አንቀጽ ነው ብዬ አምናለሁ። መመሪያው «ብድር በየወሩ እኩል ይከፈላል» ይላል። ይህ ለደሴ መምህርና ለኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ ይስማማል፤ ደመወዙ በየወሩ ይገባል። ገበሬው ግን በየወሩ ገቢ የለውም።

ገቢው የሚገባበት ጊዜም ከቦታ ቦታ ይለያያል። በለጋምቦና በወረኢሉ ደጋ በልግ የሚያርሰው ሰው እህሉን የሚሰበስበው በሰኔና በሐምሌ አካባቢ ነው። ቆቦ ሜዳ ላይ ጤፍና ማሽላ የሚያመርተው ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥን ይጠብቃል። ለሁለቱም አንድ የመክፈያ ቀን ከሰጣችሁ አንዱን በግድ ውዝፍ አደረጋችሁት። ደግሞም በልግ አንዳንድ ዓመት ጨርሶ ይቀራል።

እንዲህ አድርጋችሁ ጻፉት፦

1. ለደመወዝተኛና ለነጋዴ፣ በየወሩ።
2. ለእርሻ፣ ወለዱ በየሦስት ወሩ፤ ዋናው ገንዘብ ምርት ከተሰበሰበ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ። የምርቱ ወር በየቀበሌው ተለይቶ መመሪያው ላይ ይጻፍ።
3. ለማድለብ፣ ከብቱ ወይም በጉ ከሚሸጥበት በዓል በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት።

ለሦስተኛው አንድ ጥንቃቄ። ገና፣ ፋሲካና እንቁጣጣሽ ላይ ብቻ አትመሥርቱ። ወሎ ውስጥ የዓረፋ ገበያም ትልቅ ነው። ዓረፋ በየዓመቱ ካምናው 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚመጣ የአምናውን ቀን ገልብጣችሁ አትጻፉ። ብድሩን ስትሰጡ የዚያን ዓመት ቀን አስሉ፤ ከዚያ በፊት ለማድለቢያ የሚበቃ 3 ወይም 4 ወር መኖሩን እዩ። ገንዘቡ ዘግይቶ ከደረሰ በጉ ሳይሰባ በዓሉ ያልፋል።

ዝናብ ከቀረ ምን እንደሚደረግ ቀድማችሁ ጻፉት። ማራዘሚያ የሚሰጠው ጉዳቱ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሲረጋገጥ ነው፤ የሚሰጠውም አንድ ጊዜ ብቻ፣ እስከ ቀጣዩ ምርት፣ በአዲስ ውልና በዋሶች ፊርማ ነው። ይህ ከሌለ ኮሚቴው ያዘነለትን ያራዝማል፣ ያላዘነለትን ይከሳል።

### ለ. የቁጠባ እጥፍ

«አባል የቆጠበውን 3 እጥፍ ወይም 4 እጥፍ ይበደራል» የሚለው አንቀጽ ነው። ከፍ ሲል አባል ይስባል፤ ግን ስሌቱን ሥሩት። በምሳሌያችን ቁጠባና ዕጣ አንድ ላይ 9,200,000 ነው። አባላት ሁሉ 3 እጥፍ ቁጠባቸውን ቢጠይቁ 22,200,000 ብር ያስፈልጋል። የለም። ስለዚህ ወረፋ ይመጣል። ወረፋ ሲረዝም የሚያውቁትን ማስቀደም ይመጣል። ወረፋ የሰለቸው ቆጣቢም ገንዘቡን አውጥቶ ይሄዳል።

አዲስ አባል በ2 እጥፍ ይጀምር። አንዱን ብድር በጊዜው ሲጨርስ 3 ይሁንለት። በጊዜው መክፈልን ከዚህ በላይ የሚያበረታታ ነገር የለም። ብድር ከመጠየቁ በፊት በሐሰት ቁጠባ የሚሞላውን ለመከላከልም የሚታሰበው ያለፉት 6 ወራት አማካይ ቁጠባ ይሁን፤ የመጨረሻው ቀን ቁጥር አይሁን።

### ሐ. ዋስ

ከደረጃ 1 ሰንጠረዥ የዋሶችን ስም ብቻ ለብቻ አውጥታችሁ ደርድሩ። አንድ ስም አምስት ስድስት ጊዜ ካገኛችሁ ያ ሰው ለማንም ዋስ አይደለም። ሁለት ሰዎች እርስ በርስ ዋስ ሆነው ካገኛችሁም ብድሩ ዋስ የለውም። አንቀጹ እንዲህ ይበል፦ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከሁለት ብድር በላይ ዋስ አይሆንም፤ ተበዳሪው ለዋሱ ዋስ አይሆንም፤ የዋሱ ቁጠባ የዋስነቱን ድርሻ እስከሚሸፍን ድረስ ይታገዳል። ባልና ሚስት አንዱ ለአንዱ ዋስ መሆናቸውም በቂ አይደለም። ድርቁ ወይም ሕመሙ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ነው የሚያገኛቸው።

ወደ ዓረብ አገር ለመሄጃ የሚጠየቅ ብድር ከሁሉ ይከብዳል። ልጅቷ ደርሳ እስክትልክ ወራት ያልፋሉ፤ ላትልክም ትችላለች። በሕገወጥ መንገድ ለሚደረግ ጉዞ በፍጹም አታበድሩ፤ የሰው ሕይወት አለበት። በሕጋዊ መንገድ ከሆነም ተበዳሪው እዚህ የሚቀር፣ የራሱ ገቢ ያለው አባል ይሁን።

### መ. ሳይከፈል ሲቀር

ብዙ መመሪያ «በሕግ ይጠየቃል» ብሎ ያልፋል። ይህ እርምጃ አይደለም። ቀን ቁጠሩለት፦

1. በ3ኛው ቀን ስልክ።
2. በ15ኛው ቀን ለተበዳሪው ደብዳቤ፣ ለዋሶቹ ግልባጭ።
3. በ30ኛው ቀን ከዋሶቹ ጋር ፊት ለፊት ንግግር፣ በቃለ ጉባኤ።
4. በ60ኛው ቀን የዋሶቹን የታገደ ቁጠባ ማንሳት።
5. ከዚያ በኋላ ደንባችሁና የኅብረት ሥራ አዋጁ በሚሉት መንገድ ዕርቅና ግልግል።

ከ3ኛው እርምጃ በኋላ የቅሬውን (የዕድሩን) ሽማግሌ መያዝ ይጠቅማል። በወሎ ቅሬ የሰው ደስታና ኀዘን አብሮ የሚሸከም ስለሆነ ቃሉ ይከበራል። ግን ለአንድ ሽማግሌ በጸጥታ ንገሩ። የባለዕዳ ስም በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም፣ በገበያም አይጠራ። የተዋረደ ሰው አይከፍልም፤ ዘመዶቹም ቁጠባቸውን ያወጣሉ።

### ሠ. ወለድ

አሁን ብቻ ወደ ወለድ እንመጣለን። ስለ ልኩ ከመጨቃጨቃችሁ በፊት አሰላሉን እዩ። 12,000 ብር በ12 ወር፣ በ15 በመቶ። ወለዱ በመጀመሪያው ብድር ላይ ሳይቀንስ ከታሰበ 1,800 ብር ነው። በየወሩ 1,000 እየተከፈለ በቀሪው ላይ ብቻ ከታሰበ 975 ብር ነው። መቶኛው አንድ ሆኖ ክፍያው እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። አባላት የሚስማሙት በቀሪው ላይ በሚሰላው ይመስለኛል፤ ሚዛናዊም እሱ ነው። የትኛውንም ብትመርጡ መመሪያው ላይ በምሳሌ ጻፉት፤ ሳይጻፍ ከቀረ ሒሳብ ሠራተኛ ሲቀየር አሰላሉም ይቀየራል።

ለቆጣቢ የሚከፈለውንም አትርሱ። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ጊዜ 7 በመቶ የተከፈለው ቆጣቢ ገንዘቡ እየሟሟ ነበር። ቁጠባ የሚወጣበትን ወር ተከታተሉ፤ ኑሮ ሲወደድ ቁጠባው ከቀነሰ ምክንያቱ እዚህ ነው።

## ደረጃ 5፦ ወለድ የማይፈልጉትን አባላት አስቡ

በወሎ ይህን ደረጃ የዘለለ ማኅበር ከአገሩ ሕዝብ ብዙውን ደጅ ያስቀራል። ወለድ በሃይማኖቱ የተከለከለበት ሰው ወይ አይገባም፣ ወይ ይቆጥብና አይበደርም። የማይበደር አባል ሲበዛ ገንዘቡ ባንክ ይተኛል። የምሳሌያችን 2,600,000 ብር አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

1. በመጀመሪያ የቀበሌውን አባላት ጠይቁ፦ ወለድ ባይኖር ስንቱ ይበደራል? ለምንስ?
2. የወለድ አልባ ቁጠባውን በተለየ የባንክ ሒሳብና በተለየ መዝገብ ያዙ። ከሌላው ጋር ከተቀላቀለ አገልግሎቱ አለቀ።
3. በሙራባሃ ሥሩ። አባሉ በሬ ወይም የልብስ ስፌት መኪና ይፈልጋል። ማኅበሩ ራሱ ይገዛዋል፣ ይረከበዋል፤ ከዚያ የገዛበትን ዋጋና ትርፉን ነግሮ ለአባሉ በዱቤ ይሸጥለታል። ዋጋው ከዚያ በኋላ አይጨምርም።
4. የመዘግየት ቅጣትን የማኅበሩ ገቢ አታድርጉት። ክትትሉን በዋስና በእጥፍ ገደብ አጠንክሩ።
5. መመሪያውን ከማጽደቃችሁ በፊት ለሚታመን የአካባቢ ዓሊም አሳዩት።

በብዛት የሚሳሳቱበት፦ ጥሬ ገንዘብ ሰጥተው ወለዱን «የአገልግሎት ክፍያ» ብለው መጻፍ። አባሉ ያውቀዋል። አንድ ጊዜ ካወቀ ሰፈሩ ሁሉ ይወጣል። ሌላው ስሕተት ለገዢው አባል ራሱ ገንዘቡን ሰጥቶ «ገዝተህ ና» ማለት ነው። ግዢውን የኮሚቴው ሰው ከሻጩ ጋር ይፈጽም፤ ደረሰኙ በማኅበሩ ስም ይሁን። በገበያ ላይ ከብት ሲገዛ ደረሰኝ ካልተገኘ ሻጩ፣ ገዢውና ሁለት ምስክር የፈረሙበት ወረቀት ይያዝ።

## ደረጃ 6፦ ለውጡን በብር አስሉ፤ ከዚያ ምረጡ

አሥር አንቀጽ በአንድ ጊዜ አትቀይሩ። የትኛው እንደሠራ አታውቁም። ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ምረጡ። ለመምረጥ እያንዳንዱን በብር አስቀምጡት።

*ወለዱን ከ15 ወደ 17 ብናደርግ፦* በሚከፈለው 5,200,000 ላይ 104,000 ብር ይጨምራል። ይህም አንድም ተጨማሪ ሰው ካልዘገየ ነው።

*ከ12 ወር በታች ከዘገየው 900,000 ግማሹን ብንመልስ፦* 450,000 ብር እንደገና ቢሠራ በዓመት 67,500 ወለድ ያመጣል። ለእሱ ተይዞ የነበረው 157,500 መጠባበቂያም ይለቀቃል። አንድ ላይ 225,000 ብር።

*ባንክ ከተኛው 1,000,000 ብናበድር፦* ባንክ ከሚሰጠው በላይ 80,000 ብር ያመጣል። የቀረው 1,600,000 ከቁጠባው 21 በመቶ በላይ ስለሆነ ገንዘብ ለሚያወጣ አባል ይበቃል። ግን ውዝፉ ሳይወርድ ይህን አታድርጉ። በቀዳዳ ስልቻ እህል መጨመር ነው።

ስለዚህ በምሳሌያችን ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፦ የመክፈያ ጊዜና የዋስ አንቀጽ ቀድመው፣ ወለድ አልባው ቀጥሎ። ወለዱ ባለበት ይቆያል።

## ደረጃ 7፦ ወደ ጠቅላላ ጉባኤ

ቀኑን ስትመርጡ የገበያ ቀን፣ ጁምዓና ትልልቅ የበዓል ቀናትን ተዉ። ባቲ ላይ ሰኞ ስብሰባ የጠራ ሰው ወንበር ብቻ ነው የሚያገኘው። ምልዐተ ጉባኤ ካልሞላ የተወሰነው ሁሉ ሊሻር ይችላል፤ የሰዎቹን ስምና ፊርማ ያዙ።

ከአንድ ሳምንት በፊት አንድ ገጽ ወረቀት አሰራጩ። የአሁኑ አንቀጽ፣ የሚቀየረው፣ በብር የሚያመጣው ለውጥ። ማንበብ ለማይችሉ አባላት በየቅሬው አንድ ሰው ያንብብላቸው። እያንዳንዱ አባል፣ ዕጣው ብዙም ይሁን ጥቂት፣ ያለው አንድ ድምፅ ነው።

የውዝፉን ጠቅላላ ቁጥር ተናገሩ፤ የሰው ስም ግን አትጥሩ።

ትልቁ ሙግት በትርፍ ክፍፍል ላይ ይነሳል። «ዘንድሮ ምን ደረሰን?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ መብቱም ነው። የደረጃ 2ን ስሌት በሰሌዳ ላይ ጻፉለት። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009ም ከክፍፍል በፊት ለመጠባበቂያ እንዲቀነስ ያዛል። ጉባኤው አሁንም እንካፈል ካለ የቁጥጥር ኮሚቴው ተቃውሞ በቃለ ጉባኤ ይስፈርና ጉዳዩ ለወረዳው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ይቅረብ።

ሁለት ሕጋዊ ጥንቃቄዎች አሉ። መተዳደሪያ ደንቡን የሚነካ ለውጥ በጽሕፈት ቤቱ እስኪመዘገብ አይሠራበትም። አዲሱ መመሪያ የሚመለከተውም ከጸደቀ በኋላ የሚሰጠውን ብድር ነው። በተፈረመ አሮጌ ውል ላይ ወለድም ሆነ መክፈያ ቀን ያለ ተበዳሪው ስምምነት አትለውጡ።

## ደረጃ 8፦ በየወሩ አራት ቁጥር

ወሩ በገባ በ5ኛው ቀን ቢሮው ግድግዳ ላይ አራት ቁጥር ለጥፉ፦ የዘገየ ብድር በመቶኛ፣ የተያዘ የብድር መጠባበቂያ፣ በእጅና በባንክ ያለ ገንዘብ፣ በወሩ የገባና የወጣ ቁጠባ። አዲሱን መመሪያ ተከትለው የተሰጡትን ብድሮች ከአሮጌዎቹ ለይታችሁ ቁጠሩ። ካልለያችኋቸው የአሮጌው ውዝፍ አዲሱን አንቀጽ ያሳጣዋል።

ለእርሻ ብድር በሦስት ወር ውስጥ ፍርድ አትስጡ። አንድ ምርት ይሰብሰብ። ለደመወዝተኛና ለነጋዴ ብድር ግን ስድስት ወር ይበቃል። በስድስት ወር ውስጥ ከአዲሶቹ ብድሮች መካከል የዘገየው ከ5 በመቶ ከበለጠ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ። መጀመሪያ የምታዩት ደግሞ የብድር ኮሚቴው መመሪያውን በትክክል መከተሉን ነው። አሥር የብድር ማመልከቻ በዕጣ አውጡ፤ የዋሱን ገደብ፣ የ6 ወሩን አማካይና የመክፈያ ወሩን አንድ በአንድ አመሳክሩ። ከአሥሩ ሦስቱ ከመመሪያው ውጭ ከሆኑ አንቀጹን አትንኩት፤ ኮሚቴውን አነጋግሩ።